የትንሹ ሞተር ትኩሳት፦ የናይትሮ መኪና ሙቀት በኮሎምበስና በአዲስ አበባ

በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከኦሃዮዋ ኮሎምበስ በስተምሥራቅ፣ ሄብረን አጠገብ፣ ናሽናል ትሬይል ሬስዌይ የተባለ የመኪና መወዳደሪያ ሥፍራ ይገኛል። በዚያ ለዓመታት በተካሄደው የስፕሪንግናሽናልስ ውድድር ምድሩን ያንቀጠቀጡት ታላላቅ መኪኖች የሚያነዱት ናይትሮሜቴንን ነበር። በሬዲዮ የሚመሩት ትንንሽ የናይትሮ መኪኖችም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ኬሚካል ነው፤ ምንም እንኳ በታንካቸው ውስጥ የሚበዛው ሜታኖል ቢሆንም። ናይትሮሜቴኑ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲሆን፣ የቀረው ዘይት ነው።

የነገሩ ቁልፍም ይኸው ዘይት ነው። በተለመደው የእሽቅድምድም መኪና ላይ የሚገጠመው ሞተር ይዘቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ በደቂቃ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። ራዲያተር የለውም፤ ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይትም የለውም። የሚያቀዘቅዘው ቴስታታውን የሚዳብሰው ነፋስና ነዳጁ ራሱ ነው፤ የሚያለሰልሰውም በነዳጁ ውስጥ የተቀላቀለው ዘይት ነው። ስለዚህ ፍጥነት የጠማው ልጅ የካርቡሬተሩን መርፌ ጠበቅ አድርጎ ነዳጁን ሲቀንስ፣ ማቀዝቀዣውንም ማለስለሻውንም አብሮ ይቀንሳል። መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው ይልቅ ትፈጥናለች፤ ከዚያም ፒስተኑ ነክሶ ይቆማል። ከዚህ በኋላ አዲስ ሞተር መግዛት ነው።

ሙቀቱን መከታተል ያስፈለገው ለዚህ ነው። ካንዴላው አጠገብ ሲለካ የተለመደው ልክ ከ200 እስከ 270 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በግምት ከ93 እስከ 132 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚህ በታች መሆንም ጤና አይደለም። የብዙዎቹ ሞተሮች ሲሊንደር ወደ ላይ ጠበብ ብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ ብረቱ ሞቆ ካልሰፋ ፒስተኑ እየተፋቀ ያልቃል። በኦሃዮ የበረዶ ወራት ሞተሩን ሳያስነሱ አስቀድሞ ማሞቅ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙዎች የሚለኩበት መሣሪያ በኮቪድ ዘመን ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ቴርሞሜትር የቅርብ ዘመድ ነው። ብረቱን ሳይነካ፣ ከብረቱ የሚወጣውን ታሕተ ቀይ ጨረር ያነባል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰው ቆዳ ሙቀቱን በጨረር አሳምሮ ይለቃል፤ የተወለወለ አሉሚኒየም ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ ላይለቅ ይችላል፤ ይልቁንም እንደ መስተዋት የአካባቢውን ጨረር ያንጸባርቃል። በሚያብረቀርቅ ቴስታታ ላይ ያነጣጠረው መሣሪያ እየጋየ ያለውን ሞተር «ቀዝቃዛ ነው» ሊል፣ ባለቤቱም አምኖ መርፌውን ይበልጥ ሊያጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ማነጣጠር የሚገባው ካንዴላው ወደተተከለበት ጉድጓድ ቁልቁል ነው። ጨረሩ በጉድጓዱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ስለሚጠራቀም፣ ከዚያ የሚገኘው ንባብ ከውጫዊው ገጽ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

መሣሪያ የሌለው ሰው ምጣድ መጋሉን በጠብታ እንደምትፈትን ጋጋሪ ቴስታታው ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋል። ጠብታዋ ቺስ ብላ በጥቂት ሰከንድ ከተነነች ደህና ነው፤ ነክታ ወዲያው ከጠፋች ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል።

ከኮሎምበስ ወደ አዲስ አበባ ለወንድሙ ልጅ መኪና ሊልክ ያሰበ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። ኮሎምበስ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር አትሞላም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውኃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ የጠብታው ፈተና ይለወጣል። አየሩም በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ኮሎምበስ ላይ ልክ የነበረው መርፌ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ መርፌውን ጠበቅ ማድረግ ግድ ይሆናል። የሳሳው አየር ደግሞ የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው። በእኔ ግምት ከቁጥሩ በፊት መታየት ያለበት ጭሱ ነው፤ መኪናዋ ስትፈተለክ ከኋላዋ ስስ ጭስ ካልተከተለ፣ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ምን፣ መርፌው መላላት አለበት።

ነዳጁን ግን ከመኪናዋ ጋር በሻንጣ ይዞ መብረር ክልክል ነው። ሜታኖል በቀን ብርሃን ለዓይን እምብዛም በማይታይ ነበልባል ይነዳል፤ ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ጠርሙሱ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ፣ ከእሳትም ርቆ ይቀመጥ።