መሳፈሪያ ከመክፈላችን በፊት ድረ ገጹን እንመርምር

ባለፈው ሰሞን ከናኪቫሌ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ካባላጋላ አገኘን። በእጃቸው ኢንተርኔት ቤት ያሳተሙት ወረቀት ነበር። የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ድረ ገጽ ነው፤ የሚስቁ ሕፃናት ፎቶ፣ «የትምህርት ዕድል ለስደተኛ ልጆች» የሚል ርዕስ፣ ከግርጌው «ሙየንጋ፣ ካምፓላ» የሚል አድራሻና የፖስታ ሣጥን ቁጥር። ለመሳፈሪያ ዶሮዎቻቸውን ሸጠዋል። ከምባራራ ካምፓላ ብቻ እኮ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው።

አብረናቸው ወጣን። ሙየንጋን ለማታውቁት፣ ከካባላጋላ ሽቅብ የሚወጣው ኮረብታ ነው፤ አናቱ ላይ ባሉት የውሃ ታንከሮች የተነሳ «ታንክ ሂል» ይሉታል። የባለጸጋ ሰፈር ስለሆነ ግቢው ሁሉ በግንብ የታጠረ ነው፤ ታፔላ የሌለው ይበዛል። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደግሞ ደብዳቤ የት እንደሚገባ እንጂ ቢሮው የት እንዳለ አይነግርም። በፀሐይ ስንዞር ቆይተን አንድ ዘበኛ «እነሱማ ከለቀቁ ሁለት ዓመት አለፋቸው» አለን። ድረ ገጹ ላይ ያለው የገንዘብ መለገሻ ግን እስካሁን ይሠራል!

እንግዲህ ነገሩን ስናጤነው፣ አብዛኛው የእርዳታ ድርጅት ድረ ገጽ የሚጻፈው ለለጋሹ ነው። ገንዘብ ካልተለመነ እርዳታ የለምና በዚህ አንፈርድም። ችግሩ፣ ለለጋሽ የተጻፈውን እኛ እንደ ጥሪ ማንበባችን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ኢንቪዚብል ችልድረን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት «ኮኒ 2012» የተሰኘ ቪዲዮ በኢንተርኔት ለቆ፣ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታይቶ ነበር። በዚያው ወር ጦርነቱን በዓይናቸው ላዩት የሊራ ሰዎች በትልቅ ስክሪን ሲታይላቸው ግን ተቆጡ፤ ድንጋይም ተወረወረ። ስለ እነሱ የተሠራው ፊልም ለእነሱ አልተሠራም ነበር።

ታዲያ ምን እንይ? መጀመሪያ የመጨረሻው ዜና የተጻፈበትን ቀን። ዓመታት ካለፉት ቢሮውም ላይኖር ይችላል። ቀጥሎ ለባለጉዳይ የተጻፈ ነገር መኖሩን፦ የቢሮ ሰዓት፣ የሚነሳ ስልክ፣ ማን ማመልከት እንደሚችል፣ ቅሬታ የት እንደሚቀርብ። «ዶት ኦርግ» የሚለው ስም አያታልላችሁ፤ ማንም ከፍሎ ሊያስመዘግበው ይችላል። በኡጋንዳ በ2016 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ድርጅት መመዝገብና የሥራ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ፈቃዱም ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ «ፈቃዳችሁ የስንት ዓመት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከሁሉ በፊት ግን እዚያው ያለውን የኦፒኤም ወይም የዩኤንኤችሲአር ሠራተኛ «ይህን ድርጅት ታውቁታላችሁ ወይ?» በሉ። ለፎርም ወይም ለሪሴትልመንት በሞባይል መኒ ላኩ የሚል ካለ ደግሞ አትላኩ። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው።

እኚያ እናት ኮረብታውን ስንወርድ ወረቀቱን እያዩ «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች የማን ይሆኑ? እናታቸው ታውቃለች?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ካባላጋላ ካሉ የአገር ልጆች የመመለሻ አዋጥተን አሳፈርናቸው። ወረቀቱን አልጣሉትም፤ «እዚያ ሊመጡ የተዘጋጁ ሦስት ጎረቤቶች አሉኝ፣ ላሳያቸው» ብለው አጣጥፈው ያዙት።