ከእጀታው በታች ያለው ወሬ

ቀረብ በሉና ልንገራችሁ። ለካምፕ የሚሆን በእጅ የተሠራ ቢላ ልትገዙ ስትመጡ መጀመሪያ የምታነሡት የትኛውን እንደሆነ ከጠረጴዛው ወዲህ ያለን ሰዎች አስቀድመን እናውቀዋለን። እጀታው ያማረውን ነው። ቀንድ ከናስ ጋር የተጋጠመበትን፣ ወይም ወይራው በዘይት ታሽቶ መልኩ የወጣለትን። ስለዚህ እጀታውን እናሳምረዋለን። ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ያለው ሰው እጀታ ማሳመር ይለምዳል። ቢላውን ቢላ የሚያደርገው ሥራ ግን እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት እሳት ላይ ተሠርቶ አልቋል፤ ወይም ጨርሶ አልተሠራም። የተሠራለትም ያልተሠራለትም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኩል ያብረቀርቃሉ።

ከብረቱ እንጀምር። እዚህ አገር ደህና የእጅ ቢላ በአብዛኛው የሚወጣው ከመኪና ባሌስትራ ነው። አሮጌውን ብረት ቁራሌው ይለቅመዋል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል፣ ከዚያ ቀጥቃጩ እጅ ይደርሳል። ከቁርጥራጭ የተሠራ ነው ብሎ የሚንቀው ገዢ አለ። መናቅ አይገባውም። ብዙውን ጊዜ ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦንና ጥቂት ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የጫካ ቢላ የሚሠሩ ሰዎች 5160 በሚል መለያ አዲሱን እየገዙ የሚቀጠቅጡት የዚሁኑ ዘመድ ነው። ጭነት ተሸክሞ ጎብጦ መመለስ የለመደ ብረት፣ በወጉ ከተሠራ፣ ማገዶ ላይ ተደግኖ ጀርባውን በእንጨት ሲመቱትም አይሰበርም።

ሹክ የምላችሁ ግን ይህን ነው፦ ባሌስትራ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ለዓመታት ሲጎብጥና ሲቀና የኖረ ብረት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ጥንቁቅ ቀጥቃጭ ከጫፉ ትንሽ ቆርጦ ያግላል፣ ዘይት ውስጥ ይነክራል፣ መስፍ ላይ አድርጎ በመዶሻ ይሰብረዋል፤ ከዚያ የስብራቱን መልክ ያያል። ደቃቅና ግራጫ ከሆነ ይሠራበታል፤ ሻካራና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከልክ በላይ እንዳጋለው ያውቃል፤ ካልተሰበረና ከታጠፈ ደግሞ ብረቱ ባሌስትራ ላይሆን ይችላል። የቸኮለው ይህን ሁሉ ይዘለዋል። ከእሱ የባሰው ፌሮ ቀጥቅጦ የሚሸጠው ነው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ብታግሉትና ብትነክሩት ስለቱ ጠንክሮ አይቆይም። ሲወለወል ግን ማን ይለየዋል?

ቀጥሎ ውፍረት። የመኪና ባሌስትራ ከ6 ሚሊሜትር ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ለካምፕ ቢላ ግን ጀርባው ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይበቃል። ያንን ውፍረት ማሳሳት ከሰል ይበላል፣ ክንድ ይበላል፣ ቀን ይበላል። ስለዚህ አንዳንዱ ወፍራሙን እንዳለ ይተወውና «ጠንካራ ነው» ብሎ ይሸጠዋል። ገዢም ከባድ ነገር ሲጨብጥ ጥራት የጨበጠ ይመስለዋል። ጉዱ የሚወጣው ስሜን ተራራ ላይ፣ ሳንካበር ድንኳን ተተክሎ ወጥ ሠሪው ቲማቲም ሊቆርጥ ሲል ነው፤ ቢላው ቲማቲሙን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም።

አሁን ወደ እሳቱ፤ ዋናው ወሬ እዚህ ነው። ብረት ሲግል 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ማግኔት መያዙን ያቆማል። ባሌስትራ ደግሞ ከዚያ ጥቂት አልፎ፣ 830 አካባቢ ሲደርስ፣ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ መነከር አለበት። ውሃ ነጻ ስለሆነ በውሃ የሚነክር አለ። ውሃ ግን ብረቱን ከልክ በላይ በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል፤ ያኔ «ጢን» የምትል ቀጭን ድምፅ ትሰማለች። ያቺን ድምፅ የሰማ ሠሪ የቀኑ ልፋት እንደተሰነጠቀ ያውቃል። ሐቀኛው ወደ ቁርጥራጩ ክምር ይጥለዋል። ስንጥቁ እጀታው ሥር ከገባለት የሚሸፍነውም አይጠፋም።

ደህና የተነከረ ብረትም ገና አላለቀም። በዚያ ሰዓት እንደ ብርጭቆ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በቀስታ መሞቅ አለበት፦ 200 ዲግሪ ገደማ፣ ለሁለት ሰዓት፣ ከተቻለ ሁለት ጊዜ። የወጥ ቤት ኦቨን ይበቃዋል። የተፈገፈገው ገጽ ላይ የገለባ ቀለም ብቅ ሲል ብረቱ ስለቱን ሳይለቅ ግትርነቱን ለቋል ማለት ነው። ከሥራው ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው። ምክንያቱም ከመሞቁ በፊትም በኋላም ቢላው ያው ቢላ ነው። ማንም ገዢ ጠይቆን አያውቅም፤ ማንም ያልጠየቀውን ሥራ ደግሞ ገበያ ይረሳዋል።

እሳቱን በወጉ ያለፈ ቢላ መጨረሻ ላይ ሞራጁ እጅ ሲበላሽም አለ። ደረቅ የኤሌክትሪክ መሞረጃ ቀጭኑን ስለት በቅጽበት ያግለዋል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ሙቀቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ያ ቦታ ለስልሷል። ታዲያ ሰማያዊውን ማን ያሳያችኋል? ሰማያዊው ይወለወላል፤ ልስላሴው ይቀራል። ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ በየመሃሉ እየነከረ የሚሞርድ ሰው ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ።

አሜሪካ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር አለ። በመጀመሪያው የብቃት ፈተናው ተፈታኙ በሠራው ቢላ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ከትክቶ ይቆርጣል፣ በዚያው ስለት የክንድ ፀጉር ይላጫል። በስተመጨረሻ ቢላው ሞርሳ ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ከተሰበረ ተፈታኙ ወደቀ። የሥራው ጥራትና ውበት በዳኞች የሚመዘነው ይህን ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ገበያ ላይ ተራው ተገልብጧል።

እጀታው ውስጥም ምስጢር አለ። ስለቱ ወደ እጀታው እስከ ምን ድረስ ገብቷል? ለካምፕ ሥራ የሚመረጠው እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ ብረት ነው፤ ከላይና ከታች በእንጨቱ መካከል ሲያልፍ በዓይን ይታያል። የርካሹ ብልሃት አውራ ጣት የምታህል ብረት ቀዳዳ ውስጥ ሸጉጦ ኮላ መሙላት ነው። ካስማ ለመሳል ብቻ ከሆነ ይቆያል፤ ማገዶ ልትሰነጥቁበት ስትሞክሩ ግን እጀታው እጃችሁ ላይ፣ ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ቀንድ ደግሞ ያምራል እንጂ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ ለሆነበት ለስሜን ተራራ ወይራ ይሻላል።

አፎቱስ? ቢላውን መርምሮ የገዛ ሰው እንኳ አፎቱን አያየውም። የአገራችን ቆዳ ስሙ የተጠራው በበግና በፍየል ነው፤ የደጋ በጋችን ቆዳ ለጓንት ይፈለጋል። ለአፎት ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚወፍር፣ በዕፅዋት የለፋ የከብት ቆዳ ያስፈልጋል። ገበያው ላይ የሚበዛው በክሮም የለፋው ነው፤ ለጃኬትና ለቦርሳ ጥሩ ነው፣ አፎት ላይ ግን ቅርጽ አይዝም፣ ውስጡ የቀረው ኬሚካልም ብረቱን ሊያዝግ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ የተቆረጠውን የቆዳ ጠርዝ እዩ፤ መሃሉ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው።

ከዚያ ስፌቱን እዩ። ሁለቱ የቆዳ ገጾች በሚገናኙበት ጠርዝ መካከል ሌላ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ መግባት አለበት። ስለቱ በገባ በወጣ ቁጥር የሚነካው ያንን ቁራጭ ነው፤ እሱ ከሌለ የሚነካው ክሩን ነው፣ ክሩ ሲያልቅ ደግሞ ተራው የጭናችሁ ነው። በእጅ የሚሰፋ አፎት በወስፌ ይበሳና ሰም የተቀባ አንድ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ያልፋል። አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። በመጨረሻ ቆዳው ይርሳል፣ ቢላው በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ ይገባበታል፣ በጣት እየተጫነ ቅርጹን ይይዛል። እንዲህ የተሠራን አፎት ገልብጣችሁ ብታራግፉት ቢላው አይወድቅም። ቤት ስትገቡ ግን ቢላውን ከአፎቱ አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ባሌስትራም ይዝጋል።

አንድ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ፤ ሠሪው ራሱ። ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ አልፊው በዚህ አገር ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ስሙን ሸሽጎ መኖርን የለመደ ሙያ ሥራው ላይ ምልክቱን ማተም ቶሎ አይለምድም። ለእናንተ ይህ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስም የሌለው ቢላ ሲሰበር ተጠያቂ የለውም። ሠሪውን የቢላው ጀርባ ላይ ምልክትህን አኑር በሉት።

እንግዲህ ስትገዙ ትንሽ ሞረድ በኪሳችሁ ያዙና ሠሪውን አስፈቅዳችሁ ስለቱ አጠገብ ሳብ አድርጉት። ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከነከሰው ለስላሳ ነው። ከዚያ «ከነከርከው በኋላ ስንት ሰዓት አሞቅኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሰዓቱ ይልቅ ከፊቱ ታነቡታላችሁ።

ዋጋ ስትከራከሩ ደግሞ እጀታው ላይ ተከራከሩ። ናሱ ይቅር፣ ቀንዱ ይቅር፣ ተራ ወይራ ይበቃኛል፤ ለዚያ የምታጠፋውን ጊዜ ለሁለተኛው ሙቀትና ለአፎቱ ስፌት አድርግልኝ በሉት። እንዲህ ብሎ የሚያዝ ገዢ ሲመጣ ዋጋ አንጨምርበትም፤ ቀጠሮውን ግን እናረዝምበታለን። እሺ በሉ።