ሽሮ፣ ገበጣና አምስት እንግዶች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደመወዝ ከተከፈለ ሁለት ሳምንት አልፎአል። ኪስዎ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሦስት ጊዜ ቈጥረውታል፤ ቍጥሩ ግን አልጨመረም። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ማታውን እንዴት ሊያሳልፉት አስበዋል? ብርድ ልብስ ተከናንበው ስልክዎን ሲያሹ ሊያመሹ ነውን? ወይስ ከአስፋልቱ ዳር ካለው መጠጥ ቤት ገብተው የቀሩትን ሁለት ሳምንታት በዱቤ ሊኖሩ?

እኔ በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ሁለቱም አልጠቀሙኝም። የጠቀመኝ አምስት ጓደኞች ጠርቶ ራት አብልቶ ማጫወት ነው። አምስት ሰው የት ይቀመጣል ይሉኝ እንደ ሆነ፣ ሦስቱ አልጋው ላይ፣ አንዱ ወንበሩ ላይ፣ አንዱ ደግሞ በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱማ ሲነሣና ሲቀመጥ ስለሚያመሽ መቀመጫ አያስፈልገውም።

ስለ ራቱ ብዙ አይጨነቁ። ሰፈሩ ራሱ ሽሮ ሜዳ ተብሎ ሲጠራ፣ እርስዎ ሥጋ ካላቀረብሁ ብለው ቢበደሩ ትዝብት ነው። ደግሞም ሽሮና ምስር የሚመረጡት በርካሽነታቸው ብቻ አይደለም። ከእንግዶችዎ አንዱ ጾመኛ፣ አንዱ ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ሥጋ ሲቀርብ ማን አረደው የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሽሮ ሲቀርብ ግን ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደ አንድ ማዕድ ይጠጋል። ወጡን በሸክላ ድስት እንደ ተንተከተከ ቢያቀርቡት ቶሎ አይበርድም። ይህም በጉለሌ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋልና ከዚያ የሚወርደው ብርድ ወጡ እስኪጐረስ አይታገሥም።

እንጀራው ከጉልት ይገዛል። ከእንግዶቹ አንዱን ቡና፣ አንዱን ስኳር፣ አንዱን ቲማቲምና ቃሪያ ይዘህ ና ቢሉት ነውር የለውም። ባዶ እጁን የመጣ ቡና ይወቅጣል። ስልኮቹን ግን ራት እንደ ተነሣ ሰብስበው ባዶው መሶብ ውስጥ ይክደኑባቸው። መጀመሪያ ላይ የሚያኰርፍ አይጠፋም፤ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ይረሳዋል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንምጣ። ገበጣ ለመጫወት የተጠረበ እንጨት አያስፈልግዎትም። ሠላሳ እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ላይ ስድስት ስድስት ጕድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች በመቀስ ይቍረጡ፤ አሥራ ሁለት ጕድጓድ አገኙ ማለት ነው። በእያንዳንዱ አራት አራት ሽምብራ ሲያደርጉ ጠቅላላው 48 ይሆናል። ተጫዋቹ በወገኑ ካሉት ጕድጓዶች የአንዱን ሽምብራ በሙሉ አፍሶ በተከታዮቹ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። የመጨረሻዋ ሽምብራ ስትወድቅ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚቀር ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ስለዚህ አንዱ እንግዳ ከጎጃም፣ ሌላው ከትግራይ የመጣ እንደ ሆነ አስቀድመው ሕጉን ይስማሙ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ «በእኛ አገር እንዲህ ነው» የሚል ሰው መሸነፍ የጀመረ ሰው ነው።

ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ካጠኑት አንዱ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ከጉለሌ ቍልቍል በእግር በሚደረስበት ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር እርሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። እኚህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። እንዲህ ያለ የታሪክ ሰው ለጠጠርና ለዘር ጨዋታ ይህን ያህል ጊዜ ከሰጡ፣ እኛ አንድ ቅዳሜ ብንሰጠው አይበዛም።

ከእንግዶችዎ መካከል ቼዝ የሚያውቅ ካለ የአባቶቹን ሰንጠረዥ ያስተምሩት። ሰሌዳው አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ፈርዝ የሚባለው እንደ ዛሬው ንግሥት በሜዳው ሁሉ አይጋልብም፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው መክፈቻው ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ እጁ እንደ ፈጠነለት ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። አሸናፊውም በምን እንዳሸነፈ ይታይ ነበር። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መያዝ ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ጠጠሮች መያዝ ግን ያስከብራል። ተመልካቹ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እየጮኸ ይመክራል። የግድግዳዎን ስስነት የሚያውቁ እርስዎ ነዎትና በዚህ ነገር ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

ሰሌዳም ሽምብራም ያልደረሰው እንግዳ ዳማ በቆርኪ ይጫወት፤ አንደኛው ወገን ቆርኪውን በልቡ፣ ሌላው በጀርባው ያስቀምጣል። ቶና ሲቀዳና መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱ አይቀርም) እንቆቅልሽ ይጀመር። መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። አንድ ማታ አንድ የግቢያችን ልጅ ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን በተከታታይ ሰጥቶ ጨረሰ። «ሽሮ ሜዳን ስጠኝ» ቢሉት ግን «ሽሮ ሜዳን ሰጥቼ የት ልደር!» ብሎ እምቢ አለ።

ካርታንስ ለምን ዘለልኸው ይሉኝ ይሆናል። ኮንከር መልካም ጨዋታ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። የዘለልሁት ስለማፍርበት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት፣ «ጨዋታው እንዲጥም ያህል» ብለን ጥቂት ብር አስያዝን። ጥቂቱ እየበዛ ሄደ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ከጓደኞቼ አንዱ የቤት ኪራዩን ግማሽ ያህል ተበልቶ ነበር። የበላሁት እኔ ነበርሁ። እርሱ ሣቀ፣ በረካውን ጠጣ፣ ደኅና እደሩ ብሎ ወጣ። በማግሥቱ ገንዘቡን ልመልስለት ብሄድ «ጨዋታ ጨዋታ ነው» ብሎ አልቀበልም አለ። ከዚያ በኋላ ስንጠራው ሥራ አለብኝ ይላል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው አጭር ሆነ። በዚህ ዓይነት ስምንት ወር አለፈ። ያን ገንዘብ በምን እንዳጠፋሁት ዛሬ አላስታውስም።

አንድ ምሽት ስድስት ኪሎ በታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት።

«ቅዳሜ ገበጣ አለ፤ ሽምብራ ገዝቼአለሁ» አልሁት።

ትንሽ ዝም አለና «በስንት ብር ነው የምትጫወቱት?» አለኝ።

«በብር አይደለም። የተሸነፈ ዕቃ ያጥባል።»

መጣ። ስኳርም ይዞ ነበር። በገበጣ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ የሸክላ ድስት ሲደርቅበት እንዴት እንደሚጣበቅ ያውቁታልና እጅጌውን ሰብስቦ፣ በግቢው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ በዚያ ብርድ ብዙ ሰዓት ፈተገው። እኔ በኩራዝ ፋንታ የስልክ መብራት ይዤለት ቆምሁ። ከዚያ የመጨረሻው ታክሲ እንዳያመልጣቸው አምስቱንም እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ድስቱን ያጠብሁት እኔ ነኝ።