ሦስት ቀን በባና ሥር

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ያለው የቤታችን መስኮት ወደ ምሥራቅ ያያል። የ60 ሊትሩን አኳሪየም እዚያ ያስቀመጥኩት ሁለቱ ወርቃማ ዓሦች በጧት ፀሐይ ሲያብረቀርቁ ማየት ስለምወድ ነበር። ወር ሳይሞላ ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለ፤ ዓሦቹም መስታወቱን ካልተጠጉ አይታዩም። ጎረቤታችን እማማ ለቡና መጥተው ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ ውሃውን ለውጠው እንጂ!» አሉኝ።

«እማማ፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለቴ ለውጬዋለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። በለወጥኩት በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ማጥናት ጀመርኩ፤ ያገኘሁት በጣም ስለደነቀኝ ለእናንተም ልንገራችሁ። አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፤ ዋቅላሚም ይባላል። ሥርና ቅጠል ባይኖረውም እንደ ገብሱ በብርሃን ምግቡን ይሠራል። ምንጭ ወርዳችሁ ድንጋዩ ላይ እግራችሁን ያዳለጣችሁ ልስልስ ነገር የእርሱ ወገን ነው። ስለዚህ ከማጽዳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የፋፋው?

ብርሃንና ማዳበሪያ አግኝቶ ነው። ማዳበሪያውን የምናቀርብለት ደግሞ እኛው ነን። ዓሣው የበላውን ያወጣል፤ የተረፈው መኖ ታች ወርዶ ይበሰብሳል። ከሁለቱም አሞኒያ ይወጣል። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬትና ከመኖው የሚወጣው ፎስፌት ገበሬው ለእህሉ ማዳበሪያ በሚበትንበት ጊዜ የሚሰጠው ያው ምግብ ናቸው። እኔ ውሃውን በሙሉ ስደፋ መስታወቱና ጠጠሩ ላይ በቂ ዘር ይቀር ነበር፤ ብርሃኑም መኖውም እንደነበሩ ናቸው። ይባስ ብዬ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥበው ነበር፤ ውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን እነዚያን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃል። አሁን የማጥበው ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ ነው።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን የከፈተልኝ ግን ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ስሙን ያወጣለት ስፒሩሊና ነው፤ በልማድ አልጌ ይባል እንጂ ሳይንቲስቶች ከባክቴሪያ ወገን ይመድቡታል። ታሊንግ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ባለው የኢትዮጵያ ሶዳማ ሐይቅ ውስጥ ምግብ ሞልቶ ስለተረፈ እነዚህ ሕዋሳት እጅግ ተጨናንቀው እርስ በርሳቸው ይጋረዳሉ፤ ለእድገት የሚበቃ ብርሃን አንድ ሜትር እንኳ አይወርድም። ማለትም ምግብ ሲትረፈረፍ እድገቱን የሚገታው ብርሃን ነው! ብርሃን ደግሞ በእኔ እጅ ያለ ልጓም ነው።

መንዝ ላይ ይህ ልጓም ይበልጥ ያስፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ይበረታል፤ ቀኑም ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። አኳሪየሙን ከመስኮቱ አንስቼ ጥግ አስገባሁት፤ መብራቱን በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ አበራለሁ። መኖ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ቁንጥር ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ እለውጣለሁ፤ አዲሱን በባልዲ ክፍቱን አሳድረዋለሁ፤ ክሎሪኑ እንዲተንና የቤቱን ሙቀት እንዲይዝ። የእኛ አገር የቧንቧ ውሃ እንደ ውርጭ ነውና ዓሣ ላይ በድንገት አይደፋም። መስታወቱን በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ እፍቀዋለሁ። በረኪናና ሳሙና ግን በጭራሽ!

አልጌ የሚበላ ዓሣ ብጨምርስ ትሉ ይሆናል። በዓባይ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ ጋራ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ከከንፈሩ ሥር ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበት ክብ ነገር አለው፤ ወራጅ ውሃ ሳይጠርገው ተለጥፎ ከድንጋዩ ላይ ይግጣል። በጣም የምወደው ዓሣ ነው፤ ግን ቤቱ ወራጅ ውሃ ነው። አንድ ዓሣ መጨመርም ሌላ ማዳበሪያ መጨመር ነው።

የደፈረሰውን ውሃ ለማጥራት የቀረኝ ጨለማ ነበር። ከበግ ፀጉር የተሠራውን ባናችንን አምጥቼ አኳሪየሙን በአራቱም ጎን ጠቀለልኩት፤ ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍተት ተውኩ፤ የአየር ፓምፑ አልቆመም። ሦስት ቀን መኖ አልሰጠሁም፤ ጤነኛ ወርቃማ ዓሣ ይችለዋል። በአራተኛው ቀን ጧት ገለጥኩት። ከኋላ ያለው ግድግዳ ይታያል! የሞተው አልጌ በስብሶ ዳግመኛ ማዳበሪያ እንዳይሆን ወዲያው ግማሹን ውሃ ቀዳሁና ጓሮ ላለው ሽንኩርት አጠጣሁ። እማማ በማግስቱ ለቡና ሲመጡ መጀመሪያ ያዩት ዓሦቹን ነው፤ «ሁለት ነበሩ እንዴ?» አሉኝ።