ባቡር ለምን ከተራራው ሥር ይቀራል?

በወሎ ካለችው ኩታበር ብዙም በማትርቀው መቅደላ ሰበብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሐዲድ ተዘርግቶ እንደነበር የሚያውቅ ብዙ አይደለም። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን መቅደላ ላይ ሊወጋ ሲመጣ፣ ጦሩ ከዙላ እስከ ኩማይሊ 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሐዲድ ዘረጋ። ተራራው ሥር ሲደርስ ሐዲዱ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ጭነቱን ተሸክመው የወጡት በቅሎዎችና ዝሆኖች ናቸው። ዘመቻው ሲያልቅ ሐዲዱ ተነቅሎ ተወሰደ።

ነገሩ የፊዚክስ ነው። የብረት እግር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ እጅግ ጥቂት ነው። ሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት ለመጎተት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ጉልበት ይበቃል። በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ ግን የመሬት ስበት በየቶኑ 10 ኪሎ ይጨምራል። ለመኪና ዳገት የማይባለው የባቡሩን ሸክም ከአራት እጥፍ በላይ ያከብደዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ብረት ብረትን አጥብቆ አይዝም፤ ዳገቱ ሲበረታ ሞተሩ ጉልበት እያለው እግሩ ባለበት ይሽከረከራል።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ውጥኑ ታላቅ ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ግን ከሥሯ ካለው ቆላ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ያን ዳገት መውጣት ወጪው ከበደ። ሐዲዱ ቆላውን ይዞ በ1895 ዓ.ም አንድ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ቦታው አዲስ ሐረር ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። ስንት ዘመን የንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ቦታዋን ለአዲሲቱ ከተማ ለቀቀች፤ ጅቡቲ ስታብብ የቀድሞዋ ወደብ ዘይላ ደበዘዘች።

ኩባንያው ከስሮ ሥራው ለዓመታት ቆመ። እንደገና ሲቀጥል ሐዲዱ ከአዋሽ ወዲህ ያለውን አቀበት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ አከፋፍሎ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ መሆኑ ጠባብ ኩርባ ለማበጀት አመቸ። ነጭ ዓባይ ግን በወረቀት ቀረ። ያም ሆኖ በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ቀናት ወረደ፤ ቡናና ቆዳ ወጣ፣ ቆርቆሮና ጨርቅ ገባ። ለእኔ ከዐድዋ ድል ቀጥሎ የዘመኑ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

የኩታበር ሰው ይህን ታሪክ በእግሩ ያውቀዋል። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚያልፈው ቁልቁለት፣ ከፍታው ሲለካ ከሐረር ድሬዳዋ ከሚወረደው ብዙም አይለይም። በ2007 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ወልድያ ሐዲድም ደሴን ከላይ ትቶ በኮምቦልቻ በኩል ነው የሚያልፈው። በኤሌክትሪክ ኃይል እጥረትና በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ሳቢያ ለዓመታት አገልግሎት ሳይጀምር ቆይቷል። ባቡር ኩታበር ድረስ አይወጣም፤ መውጣትም አይጠበቅበትም። መንግሥት ሐዲዱን ሥራ ያስጀምር፤ የኩታበር ስንዴና ባቄላ ኮምቦልቻ ጣቢያ የሚደርስበትን መንገድም አብሮ ያሳምር።