በቡና አገር ስለሚደረገው የመስክ ቀን

የሳይንስ ዕውቀት ከመጽሐፍና ከትምህርት ቤት አልፎ ወደ ሕዝብ ልብ የሚገባው፣ ሰው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ከጎረቤቱም ጋራ ተከራክሮ ሲቀበለው ነው። ይህንን በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ፣ የሚደረገው የመስክ ቀን በግልጥ ያስረዳናል። ነገሩ የእርሻ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ኑሮ ስለ ሆነ፣ በዚህ ገጽ ላይ ጥቂት ቃል ልንጽፍበት ወደድን።

የመስክ ቀን ማለት የምርምር ሊቃውንት የሠሩትን ሥራ፣ ገበሬዎችና ሚስቶቻቸው፣ ተማሪዎችና የወረዳ ሹማምት በአንድነት ተሰብስበው ከእርሻው ላይ የሚያዩበት ቀን ነው። በዚህ ቀን ሊቁ ተናጋሪ ብቻ፣ ገበሬውም ሰሚ ብቻ ሊሆን አይገባም። ገበሬው ይጠይቃል፤ ቅጠሉን ገልብጦ፣ ፍሬውን ሰንጥቆ ያያል፤ ካላመነም «አላመንሁም» ለማለት ነጻነት አለው።

የዚህ ጥቅም እንዲገባን ያለፈውን እናስታውስ። ዓመቶቹን በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የምርጥ ቡናዎቹ ቍጥር ከዚያ የተወሰደ ነውና። ቀድሞ በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 በአገራችን ታየ። ይህ በሽታ በዓይን ከማትታይ ከሻጋታ ወገን የሚመጣ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቍር ጠባሳ ያወጣበታል፤ ጠባሳውም ወደ ውስጥ እየሰረጐደ ፍሬውን ያደርቀዋል። ይልቁንም ዝናምና ቅዝቃዜ በሚበዛበት በከፍተኛው ስፍራ ይበረታል። የዓመቱን ልብስ፣ የልጁን የትምህርት ወጪና የሠርጉን ድግስ ከቡናው ለሚጠብቅ ቤት ይህ ምን ያህል መከራ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ሊቃውንት ያን ጊዜ የወሰዱት መንገድ የሚያስደንቅ ነው። በየጫካውና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ፣ በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። ከዚያም የተመረጡትን ችግኞች ገና በለጋነታቸው በበሽታው እየፈተኑ፣ ብዙ ዓመት ሳይጠብቁ የሚችለውን ከማይችለው ለዩ። የእኛ የአረቢካ ቡና አበባ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ስለዚህ ዘሩን ፈጥኖ ማብዛት ተቻለ። 74110፣ 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ቡናዎች ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች በ1974 መመረጣቸውን ያመለክታሉ። እንግዲህ መድኀኒቱ ከባዕድ አገር የመጣ አልነበረም፤ በገዛ ደናችን ውስጥ ቆሞ ነበር።

ነገር ግን ችግኙ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ሰው አምኖ ሊተክለው ያሻል። የታመመውና ጤነኛው ዛፍ ጎን ለጎን ቆመው የታዩ እንደ ሆነ፣ ከመቶ ቃል ይልቅ ያ አንድ እይታ ያሳምናል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጉንደላ ነው። ቡና ሲያረጅ ፍሬው ያንሳል። ሊቃውንት፣ መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ በበጋ፣ ግንዱን ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ከፍታ ቍረጡት፤ ዝናም እንዳያቆርበትም አግድመት ሳይሆን ሰያፍ አድርጉት፤ ከሚያቈጠቍጠውም ሁለት ወይም ሦስት ብርቱ ቀንበጥ አስቀርታችሁ ሌላውን አስወግዱ ይላሉ። ቀንበጡ ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ያህል ያልፋል። አባት የተከለውን ዛፍ ቍረጥ ማለት ለሰሚው ቀላል ቃል አይደለም። ሚስትም «በእነዚህ ሁለት ዓመታት ልጆቹ ምን ይበላሉ?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም፤ ሊቁ ሊመልሰው የሚገባ የሳይንስ ጥያቄ ነው። መልሱም አለ፤ ሁሉን በአንድ ዓመት ሳይጐነድሉ በየዓመቱ ከፍሎ መጐንደል፣ በተጐነደለውም መካከል ባቄላ ወይም ቦሎቄ መዝራት ነው። ይህንን ግን ከጉንደላው በፊት፣ በመጀመሪያው ዓመትና በሦስተኛው ዓመት ያለውን ማሳ በአንድ ቀን አዙሮ ላሳያቸው ሰው እንጂ በወረቀት ላነበበላቸው ሰው አይቀበሉትም።

ሴቶች በዚህ ቀን ሊጠሩ የሚገባቸው ስለ ጥያቄያቸው ብቻ አይደለም። የቡናው ጣዕም አብዛኛው በእጃቸው ነው። በአጋሮ አጠገብ በ2010 የተቋቋመው የዱሮሚና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡናው በ2012 በአዲስ አበባ በተደረገው የቅምሻ ውድድር ከአፍሪቃ አንደኛ ተባለ። ቀድሞ ግን የዚያ አገር ቡና ከነገለባው ደርቆ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ለውጡ የመጣው የቀላውን እሸት ብቻ ለቅሞ፣ በዚያው ቀን ፈልፍሎና አጥቦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጡ በማድረቅ ነው። ስለዚህ በመስክ ቀን የቅምሻ ሰዓት ይኑር። በመሬት ላይ የደረቀውና በአልጋ ላይ የደረቀው ቡና በሁለት ጀበና ቀርቦ፣ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳይነገር ይቀመስ። በአቦል የተጀመረው ክርክር በቶና ይበረታል፤ በበረካ ላይ ሁሉም የራሱን ፍርድ ይዞ ይነሣል። ሳይንስ ማለትም ይህ ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ መካከል እየላከ፣ የመንደሩን ውኃና የቤቱን ንጽሕና ከነዋሪው ጋራ እንዲመረምሩ ማድረጉ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

እንግዲህ እናንተ ይህን ቀን የምታዘጋጁና በክብር ወንበር የምትቀመጡ ሹማምት፣ ጥቂት ምክር ተቀበሉን። የገበያውንና የጁምዓውን ቀን አትንኩ። ነገሩ በአገሬው ቋንቋ በኦሮምኛ ይነገር። የእናንተ ንግግር ይጠር፤ ፀሓይ ሳይበረታ ሕዝቡ ወደ ማሳው ይግባ። ሴቶች ለመስተንግዶ ብቻ ወደ ጓዳ አይሰደዱ። ያማረው ማሳ ብቻ ሳይሆን የከሸፈውም ይታይ፤ ገበሬ ከሽፎ ያየውን ሲነግሩት፣ የተሳካውንም ያምናል። በሚመጣውም ዓመት ወደዚያው ማሳ ተመልሳችሁ፣ ጐንድሎ በትዕግሥት የጠበቀውን ሰውና ሚስቱን የሆነላቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጉ።