መብራቱ በርቶ ሰርቨሩ የጠፋ ዕለት

ባለፈው ሴሚስተር ቡለቲናችን ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በላባችን መስኮት ሥር የነበረውን ኮምፒውተር ወደ በሩ አዛወርነው። ኬብሉን በአዲሱ ቦታ ሰካሁት፤ አረንጓዴዋ መብራትም በራች። ጽሑፎቻችን ያሉበት ሰርቨር ግን የለም! ኬብሉን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ የኔትወርክ ባለሙያውን ጠራሁ።

«ጋሼ፣ ኬብሉ ሳይበላሽ አይቀርም» አልኩት።

«ኬብሉ ምን በደለህ? የሰካህበት ፖርት የሌላ ቪላን ነው» አለኝ እየሳቀ።

ለመሆኑ ቪላን ምንድን ነው? ስዊች የሚባለው ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ቪላን ደግሞ አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊች ከፋፍሎ የሚያሠራ ዘዴ ነው። የተማሪዎች ላብ ቪላን 10፣ የሒሳብ ክፍል ቪላን 20 ቢሆኑ በአንድ ሳጥን ላይ ተሰክተውም በቀጥታ አይገናኙም። ለመገናኘት ራውተር ያስፈልጋቸዋል።

ክፍፍሉን የሚያስፈጽሙት ፖርቶቹ ናቸው፤ ዋናዎቹ ዓይነቶችም ሁለት ናቸው። አክሰስ ፖርት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቪላን ብቻ ነው። ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚሰኩት እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ በየትኛው ቪላን እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው ስዊቹ ነው።

ትራንክ ፖርት ግን የብዙ ቪላኖችን መረጃ በአንድ ኬብል ያሳልፋል፤ በብዛት ስዊችን ከስዊች ያገናኛል። ታዲያ ለምን አይደባለቅም? አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ የተጫነ ሻንጣ አስቡ፤ የሚለየው በተለጠፈበት ወረቀት ነው። ትራንክም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የቪላኑን ቁጥር የያዘ 4 ባይት ታግ ይጨምራል። መልእክቱ በአክሰስ ፖርት ሲወጣ ታጉ ይነሳል። ይህ አሠራር 802.1ኪው ይባላል፤ ደረጃው የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ 4,094 ቪላን ያስተናግዳል።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በትራንክ ላይ ታግ ሳይለጠፍበት የሚያልፍ ቪላን ኔቲቭ ይባላል። ቁጥሩ በሁለቱም ጫፍ አንድ ካልሆነ የአንዱ መልእክት ሌላው ጋ ይገባል።

ባለሙያው የፖርቱን ቁጥር ከ20 ወደ 10 ለወጠው፤ ሰርቨሩ ተገኘ፤ ቡለቲኑም በቀኑ ደረሰ። የመብራቷ መብራት ኬብሉ መገናኘቱን እንጂ የት መገናኘቱን አይናገርም ለካ! እናንተም ኮምፒውተር ከማዛወራችሁ በፊት ፖርቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። እኔማ ሳላጣራ ኬብሉን ወንጅያለሁ፤ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ደግሞ ይህ ያሳፍራል።